ዜሮና ባዶ፦ ቤት በተዘጋብን ሰሞን ሰው ምን ሠራ?

ኮሮና ዓለሙን ሁሉ ቤት ባስገባበት ሰሞን፣ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ አንድ ወሬ ከትዊተር ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ቴሌግራም እየተቀባበለ ይዞር ነበር። ኒውተን በወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶበት ገጠር በተቀመጠባቸው ሁለት ዓመታት ካልኩለስን ፈጠረ፣ የብርሃንን ጠባይ መረመረ፣ ስለ ስበት አሰበ፤ እናንተስ ምን እየሠራችሁ ነው? ይላል። ያኔ የአራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ፤ ከግቢ ወጥተን በየቤታችን ተበትነናል። ይህንኑ ወሬ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ላከልኝ።

ነገሩ ምክር ይመስላል እንጂ ሥራው ማሳቀቅ ነው። ደግሞም ታሪኩ እንደተወራው አይደለም። እስቲ ከዚያ እንጀምር። (የውጭውን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው አስቀምጣለሁ።)

ኒውተንና አሮጊቶቹ

ካምብሪጅ በ1665 ሲዘጋ ኒውተን 22 ዓመቱ ነበር። እናቱ ባለ ርስት ናት፤ ዉልስቶርፕ የሚባለው የገጠር ቤታቸው ሄዶ ተቀመጠ። ከእንጀራ አባቱ የወረሰው፣ አብዛኛው ገጹ ያልተጻፈበት ትልቅ ደብተር ነበረው፤ በዚያ ላይ ሒሳቡን ይሠራ ነበር። ግን ሒሳቡን የጀመረው ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1664 ነው። በመካከልም ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ እንደገና ወጥቷል። የስበት ሐሳቡ በመጽሐፍ የወጣው ደግሞ በ1687 ነው፤ ከዚያ የገጠር ቤት ከ20 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የፖሟን ወሬ ያወራው ሸምግሎ ነው። «በሁለት ዓመት ሁሉን ጨረሰ» የሚለው ተረት የተሠራው ወደ ኋላ እየታየ ነው። ሰውየው ሊቅ አይደለም እያልኩ አይደለም። ሥራው ከመዘጋቱ በፊት ጀምሮ ከተከፈተ በኋላም ቀጠለ ለማለት ነው።

በዚያው በ1665 ለንደን ውስጥ ስማቸውን ማንም የማያነሳው ሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ ነበሩ። በየአጥቢያው ሰው ሲሞት ሬሳውን እያዩ «ይህ በወረርሽኙ ነው፣ ይህ በሳል ነው» ብለው የሚያስመዘግቡ አሮጊቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ድሆች ናቸው፤ ለአንድ ሬሳ ጥቂት ሳንቲም ይከፈላቸዋል። የእነሱ ቆጠራ ተሰብስቦ በየሳምንቱ ይታተም ነበር። በ1665 በወረርሽኙ ሞተ ተብሎ የተመዘገበው ሰው 68,596 ነው። እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ የታሪክ ሰዎች ይስማማሉ፤ ቢሆንም ዛሬ ስለዚያ ዓመት በቁጥር መናገር የሚቻለው እነዚያ ሴቶች ቤት ለቤት ስለዞሩ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1662፣ ጆን ግራውንት የሚባል የለንደን ነጋዴ እንደዚህ ያሉትን የሞት ዝርዝሮች ሰብስቦ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ የሕዝብ ብዛት ጥናት የሚባለው ትምህርት ጅማሬው ከዚያ ይቆጠራል።

እንግዲህ አንድ ወረርሽኝ ሁለት ዓይነት ሥራ ትቶ አለፈ። አንዱ የአንድ ሊቅ ደብተር ነው፤ ሌላው የብዙ ሰው ቆጠራ። በ2020 ሁሉም ያወራው ስለ መጀመሪያው ነበር። እኔ ደግሞ እያደር ዓይኔን የሳበው ሁለተኛው ነው።

ዓለም እርሾ ያገኘ ጊዜ

በርግጥ አብዛኛው ሰው ኒውተንንም አሮጊቶቹንም አልሆነም፤ ዳቦ ጋገረ። በአሜሪካና በእንግሊዝ ሱቆች የዳቦ እርሾና ዱቄት ከመደርደሪያ ጠፋ። ሰዉ ዱቄትና ውኃ በጠርሙስ አቡክቶ፣ አረፋ እስኪያወጣ እየጠበቀ፣ ለእርሾው ስም እያወጣ ፎቶ ይለጥፍ ጀመር። እናቴ ይህን በስልኬ ስታይ የሳቀችው ሳቅ አይረሳኝም። «እና ይህ ዜና ነው?» አለች። እኛ ቤት እርሾ ከቡኮው ላይ እየተቀዳ ለሚቀጥለው የሚቆይ፣ ካለቀም ከጎረቤት የሚለመን ነገር ነው። ስም ያወጣለት የለም።

ሌላው ቼዝ ተማረ፣ ሌላው ጊታር ገዛ። የጌቲ ሙዚየም ሰዎችን «ታዋቂ ሥዕሎችን ቤታችሁ ባለ ዕቃ አስመስሉ» ቢላቸው አንሶላ ተከናንቦ፣ ድስት ደፍቶ ፎቶ የማይነሳ ጠፋ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሰው ያለበትን ጭንቀት የሚረሳበት ነገር ያስፈልገዋል። አብዛኛው ግን በሩ ሲከፈት ተረሳ። ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ።

የእኔ ሙያ ሰዎች ደግሞ ኮምፒውተራቸውን አዋሱ። ፎልዲንግ አት ሆም የሚባል ከ2000 ጀምሮ ያለ ፕሮጀክት አለ። የፕሮቲን እንቅስቃሴን ለማስላት የሚያስፈልገውን ግዙፍ ሒሳብ ቆራርሶ በየሰዉ ቤት ላለ ኮምፒውተር ያከፋፍላል። ፕሮጀክቱ የኮሮናን ቫይረስ ፕሮቲኖች እንደሚያጠና ሲሰማ ብዙ ሺህ ሰው ጎረፈ። በመጋቢት 2020 የተሰበሰበው ጉልበት ከአንድ ኤክሳፍሎፕ አለፈ፤ በሴኮንድ ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን በላይ ስሌት ማለት ነው። በጊዜው ከዚህ የደረሰ አንድም ሱፐር ኮምፒውተር አልነበረም። እንዲያውም ፈቃደኛው በዝቶ ሰርቨሮቹ የሚያድሉት ሥራ ያጠራቸው ጊዜ ነበር።

ይህኛው ግን ሶፍትዌሩን ጭኖ መተው ነው። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሰዎች ዓይናቸውንና ጣታቸውን ስላዋሱበት ሥራ ነው።

66,000 ገጽ ዝናብ

እንግሊዞች ስለ ዝናብ ማውራት ብቻ ሳይሆን መለካትም ይወዳሉ። በ1860 ጆርጅ ሳይመንስ የሚባል ሰው በየአገሩ ዝናብ የሚለኩ ፈቃደኞችን ማሰባሰብ ጀመረ። ቄሱ፣ ሐኪሙ፣ ባለርስቱ፣ አትክልተኛው በግቢያቸው መለኪያ ተክለው የተጠራቀመውን ውኃ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይልካሉ። ሌዲ ቤይኒንግ የሚባሉ የኖርፎክ እመቤት ለአሥርት ዓመታት ሲለኩ ኖረው፣ ወደ ለንደን ለወቅቱ ሲሄዱ መለኪያቸውንም ይዘው ይሄዱ ነበር ይባላል። ከሁሉ የሚቀድመው ቁጥር የተጻፈው በ1677 ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ የአንድ ቦታ የአሥር ዓመት ዝናብ በወር በወር ይዟል። ገጾቹ ወደ 66,000 ይጠጋሉ። ካትሪን ሮስ የምትባል የመዝገብ ቤቱ ባለሙያ ሁሉንም ስካን አድርጋቸው ነበር። ስካን የተደረገ ገጽ ግን ፎቶ ነው፤ ኮምፒውተር አይደምረውም። የእጅ ጽሑፉ የተለያየ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ስርዝ ድልዙ የበዛ ስለሆነ ለማሽን ማስነበብም አይታመንም። ቁጥር በቁጥር ሰው መገልበጥ ነበረበት።

ኤድ ሆኪንስ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪ ነው። የዓለምን መሞቅ በሰማያዊና በቀይ ሰንበር የሚያሳየውን ምስል አይታችሁ ይሆናል፤ የሱ ሥራ ነው። እንግሊዝ በመጋቢት 23፣ 2020 «ከቤት አትውጡ» ስትል፣ እሱ ከሦስት ቀን በኋላ ዙኒቨርስ በሚባለው የበጎ ፈቃድ ድረ ገጽ ላይ ገጾቹን ለቀቀ። «ጊዜ ካላችሁ እነዚህን ቁጥሮች እያያችሁ ጻፉልኝ» ነው ያለው። ወራት ይፈጃል የተባለው ሥራ በ16 ቀን አለቀ። 16,000 ሰው ተሳተፈ፤ ከ5.2 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ተገለበጠ።

እስቲ አስቡት። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የጻፉት ምናልባት ሃያ፣ ምናልባት መቶ ቁጥር ነው። አንዱ ብቻውን ምንም አልሠራም ማለት ይቻላል። ተደምሮ ግን የእንግሊዝ ወርሃዊ የዝናብ ታሪክ ከ1862 ወደ 1836 ወደ ኋላ ተዘረጋ። ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ደረቁ 1855 መሆኑ ታወቀ። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰዎቹ ቤታቸው ተዘግተው በመስኮት ያዩት ግንቦት 2020 በእንግሊዝ ታሪክ ደረቁ ግንቦት ተብሎ ነበር፤ 9.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የዘነበው። የገለበጡት መረጃ ተጣርቶ ሲወጣ ግን ግንቦት 1844 በ8.3 ሚሊ ሜትር በለጠው። የራሳቸውን ወር ሪከርድ በገዛ እጃቸው ነጠቁት።

ከ16ቱ ቀን በኋላም ሥራው አላለቀም። የቦታዎቹን አድራሻ ማጣራት፣ የተምታታውን መለየት ሁለት ዓመት ገደማ ወሰደ፤ እስከ መጨረሻው ከቆዩት ፈቃደኞች የስምንቱ ስም በ2022 በወጣው ጥናት ላይ ከሳይንቲስቶቹ እኩል በጸሐፊነት ሰፍሯል።

ሁለት ለባዶ

አሁን ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፣ የማትጽፉ ደግሞ ታገሡኝ። እኛ ኳስ ስናወራ «ሁለት ለባዶ» እንላለን፤ ባዶ ማለት ዜሮ ነው። በዳታቤዝ ግን ዜሮና ባዶ ሰማይና ምድር ናቸው። ዜሮ ማለት «ለካሁ፣ ምንም የለም» ነው። ባዶ ማለት «አልተለካም» ነው። በዝናብ መዝገብ ላይ ይህን ያምታታችሁ እንደሆነ ለኪው ታሞ የተኛበት ወር ድርቅ ሆኖ ይወጣል።

የሚያጋልጠው ደግሞ ድምር ነው። በዝናቡ ገጾች ላይ ወራቱ ተደምረው የዓመቱ ጠቅላላ ከሥር ይጻፍ ነበር። ፈቃደኞቹ የጻፉት ሲደመር ከሥር ካለው ጋር ካልገጠመ፣ አንድ ቦታ አንድ ነገር ተዛብቷል። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ ሰፈራችን ስንመጣ ይጠቅመናል።

አገር ቤት

እኛ ጋ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4፣ 2012 ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ውጭው ሰው ሁሉ ቤቱ አልተቆለፈበትም፤ የዕለት ጉርሱን ወጥቶ የሚያመጣ ሰው እንዴት ይቆለፍበታል? መሰብሰብ ግን ቆመ። ሠርግ ቆመ፣ ድንኳን ቆመ።

ይህ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያዋ አይደለም። ኅዳር 12 በየዓመቱ ቆሻሻ የምናቃጥለው፣ ሰፈሩ ጭስ በጭስ የሚሆነው፣ በ1911 ዓ.ም. በገባው የኅዳር በሽታ ምክንያት ነው። ያ በሽታ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ይገመታል ነው የሚባለው፤ ቤት ለቤት እየዞረ የቆጠረ ሰው አልነበረማ። ጭሱ ቀረልን፣ ስሞቹ አልቀሩልንም።

የእድሩ መዝገብ

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። በዚያ ሰሞን አባላት ተሰብስበው መዋጮ መክፈል ሲቀር፣ በየቤቱ በር እየቆመ ይቀበልና ማታ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ሦስት ወፋፍራም መዝገቦች አሉ፤ የመጀመሪያው ከ1958 ዓ.ም. ይጀምራል። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። አንድ ማታ «ይኼ ነገር ሳይጠፋ ኮምፒውተር ውስጥ ብታስገባው ምን ይልሃል?» አለኝ። ሥራ ፈት ነበርኩ፣ ላፕቶፕ አለኝ፤ ጀመርኩ። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ሲጠፋ ጓደኞቼ የጀመሩት የኦንላይን ኮርስ ሁሉ ቆመ። የኔ ሥራ መዝገብና መብራት ብቻ ስለሚፈልግ ቀጠለ።

የመጀመሪያው ጸሐፊ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ አሉ። ቁጥሩን ሁሉ በግዕዝ ነው የጻፉት፤ ፲፭፣ ፳፣ ፻ እያሉ። እዚህ ላይ አንድ የገረመኝ ነገር አለ፦ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። አሥር የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያ የራሱ፣ መቶ የራሱ። ስለዚህ አንድ አባል ወሩን ሳይከፍል ሲቀር ጸሐፊው ዜሮ መጻፍ አይችሉም። ሳጥኑንም ባዶ አልተዉትም፤ «አልሰጠም» ብለው በፊደል ይጽፋሉ። ሰውየው ዜሮ ሳይኖራቸው የዜሮንና የባዶን ልዩነት ጠብቀዋል። ኤክሴል እንኳን ሲደምር ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ አልፎት ይሄዳል።

መዝገቡ ላይ ከመዋጮው ሌላ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የእያንዳንዱ ቤት ቤተሰብ ብዛት ነው፤ በየጊዜው ይታደሳል። ሌላው የለቅሶ ዝርዝር ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ቀኑ፣ ለቤተሰቡ የተሰጠው ገንዘብ። ሁሉን አስገብቼ ስጨርስ፣ ለማጣራት ያህል፣ ሁለቱን የሚያስተያይ አጭር ኮድ ጻፍኩ። የቤተሰቡ ቁጥር ቀንሶ በመካከል ለቅሶ ያልተጻፈበትን ቤት አውጣ የሚል ነው። የዝናቡን ድምር እንደማስተያየት ማለት ነው።

ብዙ ቤት ወጣ። ዝርዝሩን ይዤ አባቴ ጋ ተቀመጥኩ፤ በጣቱ እየወረደ ይነግረኛል። «ይቺ አግብታ ወጣች። እሱ አረብ አገር ሄደ። እነዚህ ቤት ቀይረው ነው።» እንዲህ እያለ ከ1968 እስከ 1970 ያለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝግ አለ። አንዱን በሱዳን በኩል ወጣ አለኝ። ቀጥሎ ያለው ቤት ላይ ጣቱን አቆመ። ቤተሰቡ ከስድስት ወደ አምስት ወርዷል። የወር መዋጮው አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። የለቅሶው ዝርዝር በነዚያ ወራት ነጭ ወረቀት ነው።

«ያኔ ድንኳን አይተከልም ነበር» አለኝ። «ጡሩምባም አይነፋም። ልጇን ገድለውባት ማልቀስ ክልክል ነው። ጸሐፊውስ ምን ብሎ ይጻፍ?»

ቀይ ሽብርን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ቤተሰብ ሐዘን እንዳይቀመጥ ይከለከል እንደነበርም አንብቤያለሁ። የሰፈሬ መዝገብ ላይ እንደ ባዶ ሳጥን አገኘዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ያ ባዶ «ምንም አልሆነም» ማለት አይደለም። ዜሮ አይደለም።

አባቴ ነገሩን ለእድሩ ዳኛና ለገንዘብ ያዡ ነገራቸው። የዚያን ጊዜ ሕግ እንደሚለው ለልጅ ሞት የሚሰጠው ገንዘብ ይሰጣቸው ተባለ፤ በዛሬ ዋጋ ስንት እንደሚሆን ክርክር ተነሳ። ከዚያ አባቴ ማስኩን አድርጎ እኚያ እናት በር ላይ ሄዶ ቆመ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። የሰማውን ማታ ነገረን።

«ገንዘቡን ለእድሩ ተዉት» አሉት። «ስሙን ጻፉልኝ።»

«ቀኑንስ እትዬ፣ መቼ ብለን እንጻፍ?»

«ቀኑን ማን ነገረኝ!»

አባቴ ስሙን ጻፈ። ዓመቱን 1969 አለ። በቀኑ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ጸሐፊ በፊደል «አይታወቅም» ብሎ ሞላው። እኔም ኮምፒውተሩ ላይ ያንኑ አስገባሁ። የ2012ቱን ለቅሶዎች ሳይ ደግሞ በእያንዳንዱ አጠገብ በአባቴ እጅ «ያለ ድንኳን» የሚል ተጽፏል። በወረርሽኙ ሰሞን የሞቱት ድንኳን አልተተከለላቸውም፤ ምክንያቱ ግን ተጽፎ ይገኛል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰው ግራ አይገባውም።

ያ ሥራ አምስት ወር ወሰደብኝ። ካልኩለስ አልፈጠርኩም፤ ከዚያ ሰሞን የቀረኝ ሦስት መዝገብና አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። ያኔ የተማርኩትን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ግማሹን ረስቼዋለሁ፤ ፋይሉን ግን እድሩ ዛሬም ይሠራበታል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። የእድር መዝገብ፣ የእቁብ ደብተር፣ የአያት የእህል ሒሳብ፣ የሰንበቴ የስም ዝርዝር ይኖራል። አይጥና ርጥበት ወረርሽኝ አይጠብቁም። ቅዳሜ ከሰዓት ስልካችሁን አውጡና ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ በትርፍ ጊዜ ቀስ እያላችሁ ገልብጡት። ባዶ ሳጥን ስታገኙ ዜሮ ሞልታችሁ አትለፉ። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁ።